ሁለት ሚሊዮን ዶላር ያወጣው ቴምብርና በየቤቱ የሚፈተሸው መሳቢያ

«ይህ ቴምብር ቤትዎ ካለ ሚሊየነር ነዎት!» የሚል ርዕስ እስካሁን ያላጋጠመው ሰው ካለ እድለኛ ነው። ከርዕሱ ሥር ብዙ ጊዜ የሚታየው ያረጀ የአሜሪካ ቴምብር ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሆናል፣ የአንድ አዛውንት ፊት አለበት፣ የተጻፈበት ዋጋ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲም ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የታወቀ ነው። ሼር አድርጉ፣ ቻናላችንን ተቀላቀሉ፣ መሳቢያችሁን ፈትሹ።

እኔ ቴምብር ሰብሳቢ አይደለሁም። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ እና አንድ ቁራጭ ወረቀት እንዴት ሁለት ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ቻለ የሚለው ነገር ከክፍል ከወጣሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ሳነብ ያገኘሁት ነገር ትንሽ ያስገርማል። ሚሊዮኖቹ እውነት ናቸው። ከሚሊዮኖቹ ተነስተው የሚነግሩን ምክር ግን፣ ማለትም «አሮጌ ነገር ያዝ፣ ይወደዳል» የሚለው፣ ራሳቸው ቴምብሮቹ የሚያፈርሱት ምክር ነው።

ዋናውን ታሪክ ላስቀድም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1918 ሜይ ወር የአሜሪካ ፖስታ ቤት በዋሽንግተን፣ በፊላዴልፊያና በኒው ዮርክ መካከል ደብዳቤ በአውሮፕላን ማመላለስ ሊጀምር ነበር። ለዚሁ ተብሎ የ24 ሳንቲም ቴምብር ታተመ። ተራ ደብዳቤ በ3 ሳንቲም በሚሄድበት ጊዜ 24 ሳንቲም ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ቴምብሩ ባለ ሁለት ቀለም ነው፤ ዙሪያው ቀይ፣ መሐሉ ላይ ያለው «ጄኒ» የሚባለው አውሮፕላን ሰማያዊ። ሁለት ቀለም ማለት ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ይታተማል ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር አንዱ ወረቀት ዞሮ ከገባ አውሮፕላኑ በጀርባው ተገልብጦ ይወጣል። የሆነውም ይኸው ነው።

ሜይ 14 ቀን ዊልያም ሮቢ የሚባል የዋሽንግተን ነዋሪ ፖስታ ቤት ሄዶ አንድ ሙሉ ሉህ ገዛ። 100 ቴምብር፣ 24 ዶላር። ሰውየው ቴምብር ሰብሳቢ ስለነበር ባለ ሁለት ቀለም ቴምብር ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ከዚህ በፊት እንደተከሰተ ያውቃል፤ እንዲያውም ከቀናት በፊት ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ አንስቶ ነበር። ስለዚህ ዕድል ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። ሉሁን ሲያየው መቶውም አውሮፕላን ተገልብጧል። ወሬው ሲሰማ የፖስታ ቤት መርማሪዎች መጥተው ሊያስመልሱት ሞከሩ፤ እምቢ አለ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ለፊላዴልፊያው ነጋዴ ለዩጂን ክላይን በ15 ሺህ ዶላር ሸጠው። ክላይን ደግሞ ለኮሎኔል ኤድዋርድ ግሪን በ20 ሺህ ዶላር አስተላለፈው። ግሪን በሀብቷም በቆንቋናነቷም የታወቀችው የሄቲ ግሪን ልጅ ነው። እናትየዋ ሳንቲም ስትቆጥር ኖራ ልጅየው የ24 ሳንቲም ወረቀት በ200 ዶላር ሒሳብ ገዛ። ከዚያ ሉሁ ተቆራረጠ። ከመቆራረጡ በፊት ግን በእያንዳንዱ ቴምብር ጀርባ በእርሳስ ቁጥር ስለተጻፈበት፣ ዛሬም ሰብሳቢዎች «49ኛው»፣ «66ኛው» እያሉ በቁጥሩ ነው የሚጠሩት። ግሪን አንዱን ለሚስቱ የአንገት ማንጠልጠያ ጌጥ ውስጥ አስገብቶላታል።

በነገራችን ላይ፣ በማግስቱ ከዋሽንግተን የተነሳው የመጀመሪያው የፖስታ አውሮፕላን ፓይለት አቅጣጫ ስቶ በተሳሳተ መንገድ ሄደ። ቴምብሩ ቀድሞ አውቆት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ብዙ ሰው ይህ ቴምብር ውድ የሆነው አንድ መቶ ዓመት ስላለፈው ይመስለዋል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ከእሱ 25 ዓመት የሚበልጡት የ1893ቱ የኮሎምበስ ቴምብሮች የበለጠ ውድ መሆን ነበረባቸው። እነዚህ ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበትን 400ኛ ዓመት አስመልክቶ፣ ከቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ጋር ተያይዘው የወጡ ናቸው። ከ1 ሳንቲም እስከ 5 ዶላር ድረስ 16 ዓይነት ናቸው፤ ሁሉንም አንድ አንድ ለመግዛት 16 ዶላር ከ34 ሳንቲም ያስፈልግ ነበር። የ2 ሳንቲሙ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ታተመ። የ5 ዶላሩ የተሠራጨው ግን ወደ 27 ሺህ ብቻ ነው። ዛሬ ማኅተም ያረፈበትን የ2 ሳንቲሙን ከአንድ ዶላር በታች ታገኘዋለህ። ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ! የ5 ዶላሩ በደህና ይዞታ ላይ ካለ ሺዎች ያወጣል። ዓመቱ አንድ ነው፣ ኮሎምበሱም ያው ኮሎምበስ ነው። የሚለየው ስንቱ ታትሞ ስንቱ ተረፈ፣ ስንት ሰውስ ይፈልገዋል የሚለው ነው።

አቅርቦትና ፍላጎት፣ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት፣ ይኼን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ አቅርቦቱን በእጁ የያዘው ማን ነው?

በ1961 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ዛሬ ዛምቢያ በምትባለው አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ፖስታ ቤት ለመታሰቢያው የ4 ሳንቲም ቴምብር አወጣ። እዚህም ላይ ስህተት ተፈጠረ፤ ቢጫው የጀርባ ቀለም ተገልብጦ ታተመ። ሊዮናርድ ሸርማን የሚባል የኒው ጀርሲ ጌጣጌጥ ነጋዴ 50 ቴምብር ያለበት አንድ ሉህ እጁ ገባ። ዋጋው 2 ዶላር ነው። ጋዜጦች ጻፉለት፤ ሰውየው ሁለተኛው ሮቢ የሆነ መሰለው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ጄ. ኤድዋርድ ዴይ ግን ያልተጠበቀ ነገር አደረገ። ስህተቱ ሆን ተብሎ እንዲደገምና በብዛት እንዲታተም አዘዘ። 40 ሚሊዮን ያህል ታተመ። ሸርማን ይህን ለማስቆም ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ አልሆነለትም። ዛሬ ያንን «ስህተት» በሳንቲሞች መግዛት ይቻላል።

ይህን ታሪክ የማደንቀውን ያህል አንድም የኢኮኖሚክስ መምህር ሲያነሳው አለመስማቴ ይገርመኛል። ዴይ ከሸርማን ላይ ምንም አልወሰደም። ሉሁ እጁ ላይ ነው፣ አንድም ቴምብር አልጎደለም፣ 2 ዶላሩም ያው 2 ዶላር ነው። የጠፋው ሌሎች ሰዎች የሌላቸው መሆኑ ብቻ ነው። ሀብቱ ደግሞ እሱ ነበር። የያዝከው ነገር ዋጋ ያለው ሌላው ስለሌለው ብቻ ከሆነ፣ ማተሚያ ቤቱ ያለው ሰው በአንድ ትእዛዝ ባዶ እጅህን ሊያስቀርህ ይችላል። ገንዘብ በሚታተምበት ዓለም የምንኖር ሰዎች ይህ አይጠፋንም መቼም።

ዴይ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? እኔ በግሌ ትክክል አልነበረም ባይ ነኝ። መንግሥት ስህተት ሲሠራ ስህተቱን ያገኘው ዜጋ ቢጠቀም ማንም አይጎዳም፤ አንድ ሰው 2 ዶላር ከፍሎ ሀብታም ቢሆን የሌላው ደብዳቤ አይዘገይም። ግን የዴይ ሐሳብ ቢያንስ አንድ መሠረት ነበረው፦ የሕዝብ ፖስታ ቤት የሎተሪ አዳራሽ መሆን የለበትም። ያናደደኝ ኋላ የመጣው ነው። በ2013 ያው ፖስታ ቤት የተገለበጠውን ጄኒ በ2 ዶላር ቴምብርነት እንደገና አሳተመ፤ በአንድ ሉህ ስድስት፣ በድምሩ 2.2 ሚሊዮን ሉሆች። ከእነዚህ ውስጥ በ100 ሉሆች ላይ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንዲበር ሆን ብሎ አደረገ። ሉሆቹ ታሽገው ስለሚሸጡ ገዢው የትኛው እንደደረሰው ከመክፈቱ በፊት አያውቅም። ቀናው ሰው በጨረታ በአስር ሺዎች ዶላር ሸጠ። ይህ እንግዲህ ሎተሪ ካልሆነ ምን ይባላል? የፖስታ ቤቱ የራሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በኋላ ነቅፎታል። በ1962 ብርቅነትን በማተም የገደለ ድርጅት በ2013 ብርቅነትን በፋብሪካ አመረተ።

ስህተት የሚያመጣው ሀብት የማን ነው የሚለው ጥያቄ የሚገርም ቦታ ድረስም ደርሷል። በ1986 ሲ አይ ኤ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ለመሥሪያ ቤቱ ከተገዙ የ1 ዶላር ቴምብሮች መካከል 95 ያህሉ ስህተት ያለባቸው፣ የሻማው ሥዕል ተገልብጦ የታተመባቸው መሆኑን አዩ። ምን አደረጉ? በኪሳቸው ደህናውን ገዝተው ተኩ፣ ስህተቱን ወሰዱ፣ አብዛኛውንም ለነጋዴ ሸጡ። መሥሪያ ቤቱ ሲሰማ ንብረቱ የመንግሥት ነው አለ፤ ሥራቸውን ያጡም ነበሩ። ሒሳቡ ግን አልጎደለም ነበር አይደል? አንድ ዶላር ወስደው አንድ ዶላር ተክተዋል። እስቲ ይህን ጥያቄ ለአንድ የሒሳብ ሹምና ለአንድ የሕግ ባለሙያ ስጧቸውና ሲከራከሩ ስሙ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም የ«ሚሊየነር ነዎት» ጽሑፎች የማያሰሉት እሱን ነው።

49ኛው የተገለበጠ ጄኒ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ብርሃን ሳያገኘው በባንክ ካዝና ተቀምጦ የኖረ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ ከመቶው ሁሉ እጅግ ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ነው። በኖቬምበር 2023 ሲገል የሚባለው የኒው ዮርክ ጨረታ ቤት ከ2 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ በሚበልጥ ሸጠው። ለአንድ የአሜሪካ የስህተት ቴምብር ሪከርድ ነው። አሁን ኮሎኔል ግሪን በ1918 ለእያንዳንዱ የከፈለውን 200 ዶላር እንውሰድ። ከ200 ዶላር ወደ 2 ሚሊዮን፣ 10 ሺህ እጥፍ፣ በ105 ዓመት። ያስደነግጣል። በዓመት ሲመነዘር ግን ከ9 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን፣ ትርፍ ክፍያው መልሶ እየተገዛበት፣ ከ1926 ወዲህ በአማካይ በዓመት ወደ 10 በመቶ ገደማ አስገኝቷል። ልብ በሉ፣ ያወዳደርነው የአገሪቱን ምርጥ ስህተት፣ ከመቶው ምርጡን፣ በምርጡ ቀን ከተራ የአክሲዮን ቅርጫት ጋር ነው። ካዝና ኪራይና ኢንሹራንስ ገና አልቀነስንም።

ቀረብ ያለውን ጊዜ ስናይ ይብሳል። ይኸው 49ኛው ቴምብር በ2018 በተመሳሳይ ጨረታ ቤት ሲሸጥ ገዢው በአጠቃላይ 1.59 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል። ከአምስት ዓመት በኋላ «2 ሚሊዮን» ተብሎ ዜና ሆነ። ግን ጨረታ ቤቱ ከገዢው በተጫረተው ዋጋ ላይ 18 በመቶ ይጨምራል። ያ ወደ ሻጭ ኪስ አይገባም። በ2023 የተጠራው የመጨረሻ ዋጋ 1.7 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ 1.59 አውጥቶ 1.7 የተጠራለት ሰው በአምስት ዓመት ያተረፈው 7 በመቶ ያህል ነው፣ በዓመት ከአንድ በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ፣ እሱም የሻጭ ኮሚሽን ከሌለ። ዜናው ያለው «ሪከርድ ሰበረ» ነው።

«ሰውየው ባያውቅበት ነው» ለሚል ሌላ ምሳሌ አለኝ። ቢል ግሮስ ፒምኮን ከመሠረቱት አንዱ፣ «የቦንድ ንጉሥ» እየተባለ የሚጠራ ሰው ነው። ስለ ወለድና ስለ ዋጋ ንረት ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም። የአሜሪካን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቴምብሮች የተሟላ ስብስብ ለመያዝ የጎደለችው አንዲት ነበረች፤ የ1868ቷ ባለ 1 ሳንቲም ሰማያዊ ፍራንክሊን፣ ሰብሳቢዎች «ዚ ግሪል» የሚሏት። ግሪል ማለት ቴምብሩ ላይ በብረት ተጭኖ የሚወጣ የጥቃቅን ነጥቦች መረብ ነው። የማኅተሙ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባና ሰዎች ቴምብሩን አጥበው ደግመው እንዳይጠቀሙበት የታሰበ ዘዴ ነበር። (ሌብነቱ በዚያም ዘመን ነበር።) የነጥቦቹ አቀማመጥ ዓይነት ዓይነት ስለሆነ በፊደል ይለያል። ባለ 1 ሳንቲሟ «ዚ» በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነው የምትታወቀው። አንዷ የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ናት፣ አትሸጥም። ግሮስ በ2005 ከጄኒዎቹ መካከል አራት ተያይዘው የማተሚያ ቁጥራቸው ያለበትን ብሎክ በ2.97 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ከሌላኛዋ ዚ ግሪል ጋር ለወጠ። በጁን 2024 ያቺ ቴምብር በጨረታ 4.4 ሚሊዮን ገደማ አወጣች። በ19 ዓመት ውስጥ በዓመት 2 በመቶ መሆኑ ነው፣ የገዢው ጭማሪ ሲቀነስ ደግሞ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የሸቀጦች ዋጋ ከ50 በመቶ በላይ ጨምሯል። የቦንድ ንጉሥ በአሜሪካ ብርቅዬ ቴምብር የዋጋ ንረትን አላሸነፈም። ያሸነፈ አይመስለኝምም ብሎ የገዛው ለዚያ ነው፤ የፈለገው ስብስቡ እንዲሟላ ነበር፣ ተሟላለት፣ ተደሰተ።

እንግዲህ የላይኛው እንዲህ ከሆነ የታችኛውን አስቡት። በ1930 ግራፍ ዜፔሊን ለተባለው ግዙፍ የአየር መርከብ ጉዞ ሦስት ቴምብሮች ወጡ፤ የ65 ሳንቲም፣ የ1 ዶላር ከ30 እና የ2 ዶላር ከ60። ሦስቱን ለመግዛት 4 ዶላር ከ55 ነበር። የኢኮኖሚው ቀውስ የጀመረበት ወቅት ነው፤ ማን ይግዛ? የ2.60ው የተሸጠው ወደ 61 ሺህ ብቻ ነው፣ የቀረው እንዲወገድ ተደረገ። እነዚያን ያስቀመጠ ሰው ተጠቀመ፤ ዛሬ ንጹሕ ስብስባቸው በመቶዎች ዶላር፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ያወጣል። የዚያን ዘመን ሰው ከዚህ የተማረው ትምህርት ግን «አዲስ ቴምብር በሉህ ግዛና አስቀምጥ» የሚል ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሚሊዮኖች እንደዚያ አደረጉ። ሁሉም ስላስቀመጠ ምንም አልጎደለም፣ ምንም ስላልጎደለ ማንም አልፈለገውም። ዛሬ የአሜሪካ ነጋዴዎች የ1940ዎቹንና የ50ዎቹን ሉህ ያልተነካ ሆኖ ሳለ ከተጻፈበት ዋጋ በታች ይገዙታል፤ ደብዳቤ ላይ እንዲለጠፍ ነው። የ3 ሳንቲም ቴምብር ዛሬም በሕግ ይሠራል፣ ግን አንድ ተራ ደብዳቤ ከ70 ሳንቲም በላይ በሚጠይቅበት ጊዜ ከሃያ በላይ ስትለጥፍ አድራሻ የምትጽፍበት ቦታ አይተርፍህም። አያት ለልጅ ልጅ ትምህርት ብሎ ያስቀመጠው ነው እንግዲህ።

ይህ ሁሉ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖራል። የሚያገባን ከአሜሪካ የመጡ ደብዳቤዎች በየቤታችን ስላሉ ነው። ስልክ ብርቅ በነበረበት ዘመን የሄደው ሁሉ ይጽፍ ነበር። አክስቴ ወንድሟ በ80ዎቹ ከዋሽንግተን የላካቸውን ደብዳቤዎች ከነፖስታቸው በፌስታል አስራ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣለች፤ የ44 ሳንቲም የአየር መልእክት ቴምብሮች፣ ባንዲራዎች፣ ፊቶች። ባለፈው ዓመት ደወለችልኝ።

«አንተ፣ ይሄ ኢኮኖሚክስህ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ። ቴምብሮቼን አሜሪካ የሚሸጥልኝ ሰው አገኘሁ።»

ሰውየው ቴሌግራም ላይ ነው ያለው። ፎቶ ልካለት «ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ናቸው» ብሏታል። ብቻ «ለምርመራና ለምዝገባ» ሦስት ሺህ ብር በቅድሚያ ይፈልጋል።

«እትዬ፣ ከፈልሽ?»

«ገና ነው። አንተን ልጠይቅ ብዬ እንጂ ልከፍል ነበር።»

ቴምብሮቿ በመቶ ሚሊዮኖች የታተሙ ዓይነት ናቸው። ይህን ስነግራት ቅር አላት፤ እኔንም ቅር አለኝ። ከዚያ «ታዲያ ሰውየው ምን ሊመረምር ነበር?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እና መልሱ የገበያውን ዋና ችግር ይነካል።

ቀደም ብዬ ያነሳሁት አረንጓዴ ቴምብር ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። 4.4 ሚሊዮን ያወጣችው ዚ ግሪልም ፍራንክሊን ናት፣ ግን ሰማያዊ ናት፣ ከ1868 ናት። ቪዲዮዎቹ የአንዷን ዋጋ ከሌላዋ ፎቶ ጋር ያጋባሉ። ይባስ ብሎ አረንጓዴዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በ1920ዎቹ ከታተሙት መካከል በጣት የሚቆጠሩ፣ በሌላ ማሽን ታትመው ጠርዛቸው በተለየ መጠን የተበሳ ናሙናዎች አሉ፣ እነሱ በእርግጥ ብዙ ሺዎች ያወጣሉ። ልዩነታቸው ግን የምስሉ ስፋት በሚሊሜትር ክፍልፋይ መብለጡና በጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ብዛት ነው። በስልክ ፎቶ ይህ አይታይም። ባለሙያ እንኳ በመለኪያ ነው የሚያየው። ከዚያ ደግሞ አጭበርባሪ አለ፦ ሙጫው የጠፋውን አዲስ ሙጫ ይቀባል፣ ማኅተሙን ያጥባል፣ ጠርዙን እንደገና ይበሳል።

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ጽሑፍ፣ በኋላ ኖቤል ካስገኙለት ሥራዎች ዋናው ነው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ ገዢው ለሁሉም መኪና የመጥፎውን ዋጋ ያቀርባል ይላል። ቴምብር ከመኪና ይብሳል፣ መኪና ቢያንስ ይነሳል ወይ አይነሳም። ሰብሳቢዎች ያገኙት መፍትሔ የምስክር ወረቀት ነው፤ በኒው ዮርክ እንደ ፊላቴሊክ ፋውንዴሽን ያሉ ተቋማት ቴምብሩን በእጃቸው ይዘው መርምረው ይመሰክራሉ፣ ያስከፍላሉም። የክፍያው መጠን ደግሞ ለተራ ቴምብር ከራሱ ከቴምብሩ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ የሁለት ዶላር ቴምብር ማንም አያስመረምርም። ቴሌግራም ላይ በፎቶ «መርምሬ» ብር ልቀበል የሚል ሰው የሚሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ተስፋ ነው። አክስቴ ሦስት ሺሁን አልከፈለችም። ብዙዎች ይከፍላሉ፤ ብሩ እጃቸው ላይ ሲሟሟ እያዩ የሚይዙት ነገር የሚፈልጉ ሰዎች ናቸውና አልፈርድባቸውም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ላክል። ከውጭ የመጡ የቆዩ ደብዳቤዎች ያላችሁ ሰዎች፣ ቴምብሩን አትላጡት፣ ፖስታውንም አትቁረጡት። ሰብሳቢዎች ዛሬ ከባዶ ቴምብር ይልቅ ከየት ተነስቶ በየት አልፎ የት እንደደረሰ ማኅተሙ የሚናገርለትን ሙሉ ፖስታ የሚፈልጉበት ጊዜ ብዙ ነው። የተላጠ ቴምብር ታሪኩን ፖስታው ላይ ትቶ ነው የሚመጣው። እርግጥ ነው ይህም ቢሆን ሚሊየነር አያደርጋችሁም። ውስጡ ያለው ደብዳቤ ግን የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ የአክስቴ ፌስታል ውስጥ ስለ መጀመሪያው በረዶ የተጻፈ ሦስት ገጽ አለ፣ ቴምብሩን ስናይ ማንም አላነበበውም ነበር።

የመሳቢያ ዕድል ጨርሶ የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ1955 ቨርጂኒያ ውስጥ ኖርፎክ ከተማ በተካሄደ የቴምብር ሰብሳቢዎች ጉባኤ ላይ የኤቴል ማኮይ ንብረት የሆኑ አራት ተያይዘው ያሉ የተገለበጡ ጄኒዎች ተሰረቁ። ሌባው ነጣጥሏቸዋል። ሁለቱ እስከ 80ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ባለው ጊዜ ተገኙ። ማኮይ ከመሞታቸው በፊት መብታቸውን ለአሜሪካ የቴምብር ምርምር ቤተ መጻሕፍት ሰጡ። ሦስተኛው በ2016 ብቅ አለ። ሃያዎቹ ውስጥ ያለ የሰሜን አየርላንድ ወጣት ከአያቱ የወረሰውን ቴምብር ይዞ ኒው ዮርክ ጨረታ ቤት መጣ፣ የተሰረቀ መሆኑንም ያወቀው እዚያ ነው። አስረከበ፣ 50 ሺህ ዶላር ወሮታ ተሰጠው። በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፣ እና ግማሽ ቀን ያህል ቀንቼበታለሁ። አራተኛው፣ ማለትም 66ኛው፣ እስካሁን አልተገኘም። አንድ ቀን ከሆነ ሰው መሳቢያ ሊወጣ ይችላል፤ ሲወጣ ግን ባለቤቱ ቤተ መጻሕፍቱ ነው።